ነርቬን ቁረጡልኝ፤ ሲጋራዬን ተዉልኝ

ጃንሆይ በባዝ ከተማ የስደት ዘመናቸውን ሲገፉ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበሩት ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 መገባደጃ ላይ እግራቸው ይደነዝዛቸው፣ ይቆረጥማቸው ጀመር። ሐኪሞች ሲመለከቷቸው የእግራቸው የደም ሥሮች ጠበዋል። በተለይ ቀኝ እግራቸው አሳሳቢ ነበር፤ ወደ ጋንግሪን ከሄደ መቆረጡ አይቀርም። ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሊያደርጉት የነበረው ጉብኝት እንዲዘገይ ተደረገ። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1949 በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል የኦፕራሲዮን ክፍል ሆኖ ተሰናዳና ጄምስ ሊርሞንዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በወገባቸው በኩል ገብቶ ወደ ቀኝ እግራቸው የሚወርደውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ ቆረጠላቸው።

እግራቸው ተረፈ። ሐኪሙም "ሰር" ተባለ። ሁለት ዓመት ተኩል እንደተቆጠረ፣ በሴፕቴምበር 1951፣ ካንሰር የበላው ግራ ሳንባቸው ወጣ። (ካንሰር መሆኑን ለራሳቸው ለንጉሡ የነገራቸው አልነበረም ይባላል። "ለበሽተኛ አይነገርም" የሚባለው ፈሊጥ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።) ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1952 በ56 ዓመታቸው በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ልባቸው ከዳቸው። ሁለቱንም እግሮቻቸውን ይዘው ተቀበሩ።

ይህን ያነሳሁት የነገሥታት ወሬ አምሮኝ አይደለም። በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ፣ በየሆስፒታሉ በር ላይ "ነርቡን ቢቆርጡለት እግሩ ይተርፋል" የሚል ተስፋ ሲዘዋወር ስለምሰማ ነው። ተስፋው ብቻውን አይዘዋወርም። ከኋላው የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ፣ የታማሚው ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። አንዱ ታክሲውን ይሸጣል፤ ሌላው በውርስ ያገኛትን ሁለት ክፍል ቤት ያስይዛል፤ እናት ወርቋን ታወጣለች። እኔ የምለው፣ ገንዘቡ ሲሰበሰብ "ለመሆኑ ይህ ነርቭ ሲቆረጥ የሚሆነው ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ ለምን ይጠፋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአከርካሪያችን ግራና ቀኝ እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ የነርቭ ቋጠሮዎች አሉ። ሲምፓቴቲክ ይባላሉ። ሥራቸውን የሚሠሩት እኛን ሳያስፈቅዱ ነው። ስንደነግጥ ልባችንን ያስመታሉ፣ መዳፋችንን ያልቡታል፤ ብርድ ሲመጣ ደግሞ የቆዳችንን ጥቃቅን የደም ሥሮች ጨምድደው ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ያደርጋሉ። ወገብ አካባቢ ያሉት ሁለት ሦስት ቋጠሮዎች ሲወጡ በዚያ በኩል ያለው እግር ትናንሽ የደም ሥሮቹን የሚጨመድድበት ያጣል። ሥሮቹ ይላላሉ፣ እግሩ ይሞቃል፣ ማላቡንም ያቆማል። ያንን የሞቀ እግር በእጁ የዳሰሰ ቤተሰብ "ተመስገን!" ቢል አይፈረድበትም።

ግን እግሩን ያሳመመው የትናንሾቹ መጨማደድ ነበር ወይ? የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር እንኖራለን። ዋናው መስመር አስፋልቱ ሥር ተደፍኖ ሳለ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ቧንቧ በሙሉ ወለል አድርጋችሁ ብትከፍቱት የሚንጠባጠበው ጥቂት ይጨምር ይሆናል እንጂ ጀሪካኑ አይሞላም። የነርቭ ቆረጣው የሚከፍተው የቤቱን ቧንቧ ነው። ጭኑ ውስጥ ወይም ከጉልበቱ ሥር የተደፈነው ዋናው የደም ሥር እንደተደፈነ ይቀራል። ደግሞም የሚከፈተው የቆዳው እንጂ የጡንቻው አይደለም። ስለዚህ አንድ ፌርማታ ያህል ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ የሚያስቆመው ሰው፣ ነርቡ ከተቆረጠም በኋላ እዚያው ፌርማታ ላይ መቆሙ አይቀርም። በዚያ ላይ ወራት ሲያልፉ የላሉት ሥሮች ቀስ በቀስ መጠንከር ይጀምራሉ፤ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ይህ ኦፕራሲዮን ሲወለድ የተሻለ ነገር አልነበረም፤ ይህን ልናስታውስለት ይገባል። ከመቶ ዓመት በፊት ሲድኒ ላይ ሮይል የተባለ ቀዶ ሐኪም ነርቭ ይቆርጥ የነበረው የተገታተረ ሽባ እግር ለማላላት ነበር። እግሩ ሲሞቅ ያየው በአጋጣሚ ነው። በ1924 አርጀንቲናዊው ሁሊዮ ዲየስ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ አድሰን ይህንኑ ለደም ሥር በሽተኞች ሞከሩት። የንጉሡ ሐኪም ሊርሞንዝም ማዮ ድረስ ሄዶ ሙያውን ከአድሰን ዘንድ ያዳበረ ነው። በዚያን ዘመን ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፤ ነርቡን መቁረጥ ወይ እግሩን መቁረጥ። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ውኃ ፈሰሰ! በ1948 ዣን ኩንላን ፓሪስ ላይ ከታማሚው ከራሱ እግር መላሽ የደም ሥር ወስዶ የተደፈነውን የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ ሠራ። በጥር 1964 ቻርልስ ዶተር በፖርትላንድ ከተማ እግሬ አይቆረጥም ብለው እምቢ ያሉ የ82 ዓመት አሮጊት የደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የጠበበውን አሰፋው፤ እኚያ ሴት ከዚያ በኋላ በእግራቸው ሄዱ። ዛሬ በዓለም ላይ የደም ሥር ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው ዋናውን መስመር መክፈት ነው። ነርቭ ቆረጣ ሁሉም በር ሲዘጋ የሚንኳኳ የጓሮ በር ሆኗል።

የጓሮ በር መሆኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሚጠቀሙበት አሉ፤ ስለ እነሱ ልናገር።

በርገር የሚባል በሽታ አለ። (ከሚበላው በርገር ጋር ዝምድና የለውም፤ በ1908 ኒውዮርክ ላይ ምንነቱን ገልጦ የጻፈው የሊዮ በርገር ስም ነው።) የሚይዘው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ነው፣ ገና አርባ አምስት ያልሞላው። ስብ የለበትም፣ ስኳር የለበትም፣ ግፊት የለበትም። ትምባሆ ግን አለበት። የእጅና የእግር ትናንሽና መካከለኛ የደም ሥሮቹ ይቆጡና ይደፈናሉ። በመጀመሪያ ጣቱ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቆስላል። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ ሰውየው እግሩን ከአልጋ ላይ ወደ ታች አንጠልጥሎ፣ በሁለት እጁ ጨብጦ ያነጋል። የተደፈኑት ሥሮች እታች ድረስ ስለሚዘልቁ ብዙ ጊዜ ተለዋጭ መስመር የሚጋጠምበት ጤነኛ ሥር አይገኝም። እንዲህ ላለው ሰው የነርቭ ቆረጣው ሕመሙን ሊያስታግስለት፣ ትንሿን ቁስል ሊያደርቅለት ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ ያገኘ ሰው አግኝቻለሁ ቢል ይታመን። በእርግጥ እሱም ቢሆን ተወዳዳሪ መጥቶበታል። በ2006 የቱርክ ሐኪሞች የበርገር ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው አይሎፕሮስት በሚባል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና በነርቭ ቆረጣ ሲያክሙ ቁስል በማዳን መድኃኒቱ በልጧል።

ከሁለቱም የሚበልጠው ግን ምን መሰላችሁ? ሲጋራ ማቆም! በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ሐኪሞች በ1990 ባሳተሙት ጥናት ትምባሆን እርግፍ አድርገው ከተዉት የበርገር ታማሚዎች መካከል 94 ከመቶው ከመቆረጥ ተርፈዋል። ካልተዉት ውስጥ 43 ከመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቆርጠዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት ያመጣ ቢላ እስከ ዛሬ አልተሳለም። "ቀንሻለሁ" ማለትም አይሠራም። በቀን አንድ ሁለት ፍሬ በሽታውን እንዳነቃው ያቆየዋል። ሱረቱም፣ ጋያውም፣ ሺሻውም ያው ትምባሆ ነው።

ባንድ ሆስፒታል ግቢ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጀርባ፣ ክራንች ተደግፎ ቆሞ የሚያጨስ ወጣት አጋጥሞኛል። ሙያው ሹፌርነት ነው፤ ከባድ መኪና። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት ሄዷል። ሲጋራውን የያዘባት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፏ ጠቁሯል።

"ወንድሜ፣ አቁም አላሉህም?" አልኩት።

"ብለውኛል፣ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"ነርቡን ሊቆርጡልኝ ነው። እሱ ከተቆረጠ በኋላ ደም ይገባል ብለውኛል።"

ከአፉ ቃል በቃል ባይወጣም ያለኝ ነገር ግልጽ ነው፤ ነርቬን ቁረጡልኝ፣ ሲጋራዬን ተዉልኝ። ወገኖቼ፣ ይህን ልጅ ተሳድቤ ብሄድ ቀላል ነበር። ሱሰኛ፣ ደካማ፣ የራሱን እግር የሚበላ ብዬ። ግን ማን ነው እንዲህ ያለ ስሌት ያስተማረው? "አቁም" የሚለው ቃል በሠላሳ ሴኮንድ ተነግሮት፣ የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ግን በማኅተም ተጽፎ በእጁ ተሰጠው። አንዱ ወሬ ሆነ፤ ሌላው ሕክምና ሆነ። ከአዲስ አበባ ጂቡቲ፣ ሌሊቱን በጫት ሲነዳ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ምክር ሲጋራ ይተዋል? ለቢላው የተመደበለት ሐኪም አለ፣ አልጋ አለ፣ ነርስ አለች። ሲጋራውን ለሚያስተወው ሰው ግን ቢሮ ቁጥር ስንት ግባ ነው የሚባለው?

እኛም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። ለኦፕራሲዮን ሲባል ያለንን እናወጣለን፤ ለኪኒን እንሰስታለን፤ ለምክር ደግሞ አንድ ሳንቲም መክፈል ያስቀናል። "ሐኪሙ ምን አደረገልህ?" ሲባል "መከረኝ" ያለ ሰው በዘመዶቹ ዘንድ እንዳልታከመ ይቆጠራል። መርፌ ያልወጋ ሐኪም አላዋቂ፣ ያልቀደደ ደግሞ ፈሪ ይባላል። የግል ሆስፒታሎቹም ይህን አመላችንን ያውቃሉ። ምክር በካርድ ዋጋ ነው፤ ነርቭ ቆረጣ በስንት ሺህ! በንግድ ዓይን ካየነው የትኛውን ቢያስታውቁ ይሻላቸዋል?

መንግሥትስ? የመንግሥት ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ጥሩ ሕግ ነው፤ ሕጉን ላመስግን። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ የትምባሆ ማስታወቂያን አጠፋ፣ ከፓኮው ፊትና ጀርባ 70 ከመቶውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲይዘው አደረገ፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ። እስቲ ወጣ ብላችሁ ሱቅ በደረቴውን እዩት። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ሲጋራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚዞረው ሻጭ ራሱ ሃያ አንድ ሞልቶታል?

ይሁን፣ ሕግ ቀስ በቀስ ይሠራል እንበል። ከሕጉ በፊት የተደረገውን ግን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም መንግሥት ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶውን ድርሻ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ሌላ 31 ከመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት። ባንድ ላይ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ! ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ነጋዴ በዚያን ጊዜ ከመቶ አዋቂ ሰው አምስቱ ብቻ ትምባሆ የሚጠቀምበትን አገር የገዛው ለአምስቱ ብሎ ነው? የገዛው ገና ላልለኮሱት ለዘጠና አምስቱ ነው። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። የሸጥነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። የጃፓን መንግሥት በሕግ ተገዶ የጃፓን ቶባኮን አንድ ሦስተኛ በላይ ድርሻ ይይዛል። ይኸው የጃፓን መንግሥት የበርገርን በሽታ፣ አዎ ያንኑ የሹፌሩን በሽታ፣ ልዩ ድጋፍ ከሚደረግላቸው አስቸጋሪ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ጽፎ ለዜጎቹ የሕክምና ወጪ ያግዛል። በአንድ እጁ ይሸጣል፣ በሌላው እጁ ያስታምማል። ቢያንስ ያስታምማል! የኛው በ2012 ዓ.ም በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ 30 ከመቶና በእያንዳንዱ ፓኮ 8 ብር ጣለ። መጣሉ ደግ ነው። ከዚያች ስምንት ብር ውስጥ አንዲት ብር እንኳ ያ ሹፌር ሲጋራ እንዲተው ለሚረዳው ሰው ደመወዝ ብትውል ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

አሁን ወደ ስኳር ልለፍ፤ ምክንያቱም በኛ አገር እግር የሚያስቆርጠው የሹፌሩ በሽታ ብቻ አይደለም፣ ስኳሩ ይብሳል። የነርቭ ቆረጣው ተስፋም በብዛት የሚሸጠው ለስኳር ታማሚ ቤተሰብ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከስሕተት ወደ ግፍ የሚሻገረው። ለምን ቢሉ፣ ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየበት ሰው እነዚያን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ስኳሩ ራሱ ጨርሶለታል! ቢላ ሳይነካው ነርቡ ተቆርጧል። እግሩን ዳስሱት፤ ይሞቃል። ደረቅ ነው፣ አያልብም፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። የቆዳው ሥሮች ቀድሞውኑ ወለል ብለው ተከፍተዋል። የተከፈተ ቧንቧ ደግመህ ብትከፍተው ምን ይወጣዋል? ይህን የሚያውቅ ሐኪም ለእንዲህ ያለው ሰው ነርቭ እቆርጣለሁ ብሎ ገንዘብ ከተቀበለ እኔ ሌላ ስም የለኝም።

የስኳር እግር ሞት ደግሞ ድምፅ የለውም። ስሜት አስተላላፊው ነርቭም አብሮ ስለሞተ ሰውየው አያመውም። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትወጋው ትውላለች፤ ማታ ካልሲው ላይ ደም አይቶ ይደነግጣል። ክረምት ለብርድ ብሎ እግሩን ከከሰሉ ምድጃ ያስጠጋል፤ ሲቃጠል አይሰማውም። በባዶ እግሩ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አሸዋ ረግጦ ሲመለስ የቆሰለበትን አያውቅም። "አያመኝም፣ ደህና ነኝ" ይላል። አለማመሙ እኮ ነው በሽታው! ከሦስት ሳምንት በኋላ እግሩ ሸትቶ፣ ጠቁሮ፣ በዘመድ ትከሻ ሆስፒታል ይደርሳል። ያን ጊዜ ነርቡን ቁረጡለት፣ ውጭ ይሂድ፣ ገንዘብ ይዋጣ ይባላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

"አንተ ደግሞ! በዚች ድሃ አገር የደም ሥር የሚቀጥል ሐኪም ስንት ነው? ነርቭ ቆረጣው ቢያንስ ብዙ ማሽን ሳይጠይቅ የሚሠራ ነው፤ ከምንም ይሻላል" የሚሉኝ ሐኪም ወዳጆች አሉኝ። ክርክራቸው ከባድ ነው፤ በማላገጥ የሚታለፍም አይደለም። የደም ሥር ስፔሻሊስቶቻችን በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም አዲስ አበባ ናቸው። የጎንደር ወይም የጂማ ቀዶ ሐኪም ፊቱ የተቀመጠ ሰው ሌሊቱን በሕመም ሲያነጋ "የምችለው ይህን ነው" ብሎ ቢሠራ እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ አልከሰውም። የምለው ሌላ ነው። ለታማሚው እውነቱን ይንገረው። "ይህ ሕመምህን ሊያስታግስ ይችላል፤ የተደፈነውን አይከፍትም፤ ካጨስክ እግርህ ይሄዳል" ይበለው፤ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት። ደግሞ "ከምንም ይሻላል" የሚባለው ምንም ሲጠፋ ነው። ምንም አልጠፋም። ትልቁ መድኃኒት የሚገኘው ሲጋራው ሲወጣና ጫማው ሲወልቅ ነው፤ ለሁለቱም ስፔሻሊስት አያስፈልግም።

ጫማው ሲወልቅ ያልኩት በዋዛ አይደለም። ስኳር ያለባችሁ ወይም ስኳር ያለበት አባት፣ እናት ያላችሁ እጃችሁን አውጡና መስክሩ፤ በወር በሁለት ወሩ ቀጠሮ ስትሄዱ ጣታችሁን ወግተው ስኳሩን ይለካሉ፣ ክንዳችሁን አስረው ግፊቱን ይለካሉ፣ መድኃኒቱን ይጽፋሉ። "እስቲ ካልሲህን አውልቅ" ያላችሁ ስንት ጊዜ ነው? ከእግር ጀርባ ላይ አንድ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ አንድ፣ በጣት የሚዳሰሱ ሁለት ትርታዎች አሉ። ሁለት ጣት አሳርፎ እነሱን መፈለግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ኮረንቲ ቢጠፋም ይሠራል፣ ዶላር አይጠይቅም። ትርታው ከጠፋ ዋናው መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነውና እግሩ ሳይጠቁር፣ ገና ሲሄድበት ሳለ ሪፈር ይጻፋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ካላለ እናንተው አውልቁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ውጭ ሰው ይጠብቃል፣ ነርሷም ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። ካልሲውን አውልቃችሁ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፤ ሳይዳሰስ አትነሡ።